ከቁጥሩ በፊት ሰዓቱ፦ ልጄ ቢጫ በሆነበት ሳምንት ያየሁትና የተማርኩት

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ይህን ሰዓት እስከ ዛሬ አጥብቄ የያዝኩት፣ በአራተኛው ቀን የልጄን የደም ውጤት የተቀበሉት ሐኪም ስለ ውጤቱ አንዳች ከመናገራቸው በፊት ‹‹በስንት ሰዓት ነው የተወለደው?›› ብለው ስለጠየቁኝ ነው። ጥያቄው ምን እንደሚያደርግላቸው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ሕፃንን ቢጫ የሚያደርገው ነገር ስም የሆነውን ቢሊሩቢን የሚባለውንም ቃል ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም፤ እዚህ የምጽፈው በአራስነቴ ያየሁትን፣ ሐኪሞቹ ያስረዱኝንና ከዚያ በኋላ አንብቤ ያረጋገጥኩትን ነው። የምጽፈውም ሌላ እናት እኔ ያጠፋሁትን አንድ ቀን ተኩል እንዳታጠፋ ነው።

ልጁ የተወለደው በ37 ሳምንት ከ2 ቀን ነው። 2,900 ግራም መዘነ፣ አለቀሰ፣ ጡትም ያዘ፤ እኔም ደህና ስለነበርኩ አርብ ጠዋት፣ 30 ሰዓት ያህል እንደሞላው፣ ወደ ቤት ተሸኘን። ሲሸኙን ስለ እትብቱ፣ ስለ ክትባቱና ስለ እኔ ደም መፍሰስ በደንብ ተነገረኝ። ስለ ቢጫነት ግን አንድም ቃል አልተነሣም፤ በሦስተኛው ቀን መልሼ እንዳመጣውም ቀጠሮ አልተሰጠኝም። በእርግዝና ክትትል ካርዴ ላይ የደም ዓይነቴ ኦ ፖዘቲቭ መሆኑ በጉልህ ተጽፏል፤ የልጁ ግን አልተመረመረም። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ምን ያህል እንደሚደክሙ በዓይኔ አይቻለሁና በክፋት አላነሣባቸውም፤ ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነገረኝ ኖሮ ግን ቀድሜ እመጣ ነበር።

እናቴ የአራስ ክፍሉን እንደ ወጉ አሰናድታ ነበር የጠበቀችኝ። ምች እንዳይመታኝ፣ ልጁንም የሰው ዓይን እንዳያገኘው በማለት በመስኮቱ ላይ ወፍራም የሰናፍጭ መልክ ያለው መጋረጃ ሰቅላለች። ቀን ቀን የሚገባው ብርሃን በዚያ መጋረጃ ተጣርቶ የሚደርሰን ነው፤ ማታ ደግሞ የምናበራው አምፖል ራሱ ቢጫ ነው። ሁሉም ነገር ቢጫ በሆነበት ክፍል ውስጥ ቢጫ ሕፃን አይለይም። አርብ ማታ የመጡት ዘመዶች ‹‹እንዴት ቀይ ልጅ ነው! አባቱን መስሏል›› እያሉ መረቁልን፤ እኔም ደስ አለኝ። የልጁ ‹‹ቅላት›› የበሽታው መጀመሪያ መሆኑን ከመካከላችን የጠረጠረ አልነበረም።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ተኛ። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ይተኛል፤ ስቀሰቅሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ መልሶ ያንቀላፋል። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁላችን ጸባየኛ ልጅ ነው አልን፤ እንቅልፍ ሕፃንን ያሳድገዋል ተብሎም ተመከርኩ። እንቅልፍ ያጣሁ ስለነበርኩ እኔም በእርሱ እንቅልፍ ዐረፍኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ዳይፐሩን የቀየርኩለት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ዓይነ ምድሩም ገና ጥቁርና የሚያጣብቅ ነበር። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ምልክቱ ሁሉ በፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጡት በደንብ የሚያገኝ ሕፃን ሽንቱ ይበዛል፣ ዓይነ ምድሩም ከጥቁር ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ መለወጥ ይጀምራል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ እናቴ ዓይኑን ገለጥ አድርጋ አየችና ‹‹የወፍ በሽታ ይመስላል፤ ነገ ጠዋት ፀሐይ እናሞቀዋለን፤ አንቺንም እንዲሁ ነው ያሳደግሁሽ›› አለችኝ። የወፍ በሽታ የሚለውን ስም የማያውቅ የለም፤ የሌሊት ወፍ ስታልፍበት የሚይዝ ነው እየተባለ ሲነገር እኔም ሰምቼ አድጌአለሁ። አንዲት ዘመዳችን የስኳር ውሃ በማንኪያ እንድንሰጠው፣ ሌላዋ ደግሞ ለጋ ቅቤ እንድናልሰው መከሩን። ሁሉም የተናገሩት ከፍቅር ነው። ደግነቱ አንዱንም አላደረግነውም፤ ቢሆንም ሌሊቱን ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅን።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን ‹‹እንኳን ማርያም ማረችሽ›› ሊሉኝ ገቡ። በጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው፤ በሰፈር ሲስተር ነው የምንላቸው። ልጁን ተቀብለው ትንሽ ዝም አሉና፣ ተነሥተው መጋረጃውን እስከ ጥግ ሳቡት። ከዚያ በመስኮቱ ብርሃን ፊት አፍንጫውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ቆዳ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ እስኪመለስ ድረስ ለቅጽበት ነጣ ይላል፤ የልጄ ግን እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ታየ። ደረቱን ተጫኑት፣ እርሱም ያው ነበር። ካልሲውን አውልቀው ውስጥ እግሩን ሲያዩት እርሱም ቢጫ ነው። ድዱንም በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ። ‹‹የኔ ልጅ፣ ይህ ፀሐይ የሚጠበቅበት አይደለም። ካርድሽን ያዢና እንሂድ›› አሉኝ። እኔ ነጠላዬን ስፈልግ እርሳቸው ልጁን ታቅፈው በር ላይ ደርሰው ነበር።

ይህን የመጫን ነገር እያንዳንዷ እናት ብታውቀው እወዳለሁ። ቢጫነት በሕፃን ላይ የሚታየው ከፊት ጀምሮ ወደ ደረት፣ ወደ ሆድ፣ በመጨረሻም ወደ መዳፍና ወደ ውስጥ እግር እየወረደ ነው። እግሩ ላይ ከደረሰ መጠኑ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቀለሙ በቀላሉ አይለይምና፣ በቀን ብርሃን የዓይኑን ነጭ ክፍል፣ ድዱንና ውስጥ እግሩን ማየት ይሻላል። ያም ሆኖ ዓይን ቁጥር አይናገርም፤ ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በማየት ብቻ መጠኑን አይወስንም፣ ደም ይመረመራል።

የሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ስንደርስ ነርሷ ወዲያው መዘነችው፤ 2,600 ግራም ሆኖ ነበር። በሦስት ቀን ከክብደቱ አሥር በመቶ አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በ4 ሰዓት ላይ ደም ተቀዳለት። ውጤቱ ሲመጣ ነው ያ የሰዓት ጥያቄ የተነሣው። ካርዱ ላይ የተጻፈው 9፡20 ብቻ ነው። ዶክተሯ ‹‹በእኛ ነው በፈረንጅ?›› አሉኝ። በእኛ አቆጣጠር፣ ከሌሊቱ መሆኑን ስነግራቸው በብዕራቸው አርመው ከላይ 79 ብለው ጻፉ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9፡20 ተብሎ ቢነበብ ልጁ የ73 ሰዓት ሕፃን ይሆን ነበር። የስድስት ሰዓት ልዩነት ለአዋቂ ምንም አይደለም፤ ለዚህ በሽታ ግን ብዙ ነው።

ምክንያቱን እንዲህ አስረዱኝ። በሰውነታችን ያሉ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲያረጁ ይፈርሳሉ፤ ከሚፈርሰው ሄሞግሎቢን ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበት ይህንን ተቀብሎ በውሃ የሚሟሟ አድርጎ ወደ ሐሞት ይልከዋል፣ ከዚያ በአንጀት በኩል ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የቀይ ደም ሕዋሱ ከእኛ የበዛ ነው፤ የሕዋሱም ዕድሜ ከእኛ ያጠረ ነው፤ ጉበቱ ደግሞ ሥራውን ገና እየጀመረ ነው። በእናቱ ማሕፀን ሳለ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩለት የእንግዴ ልጁና የእናቱ ጉበት ነበሩ። ስለዚህ ወራቸውን ጨርሰው ከተወለዱት ሕፃናት 60 በመቶ ያህሉ፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። በብዙዎቹ ከመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በኋላ ይጀምራል፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ከፍ ይላል፣ ከዚያ በራሱ ይወርዳል። እናቴ እኔን በፀሐይ አዳንኩሽ ያለችውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ የእኔ በራሱ የሚለቅ ዓይነት ነበር።

አደጋው ያለው መጠኑ ሲበዛ ነው። በደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን አልቡሚን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ ከመጠን ሲያልፍ ሳይጣበቅ የሚተርፈው ወደ አንጎል ገብቶ ይጎዳል። ከሰዓቱ ጋር የሚነበበውም ለዚህ ነው። ቢሊሩቢን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሰዓቱ የሚጨምር ነገር ነው፤ በአምስተኛው ቀን የተገኘ 12 (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ብዙ ጊዜ የሚያሳስብ አይደለም፣ በ20ኛው ሰዓት የተገኘ 12 ግን አስቸኳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ለዓይን የታየ ቢጫነት መጠኑ ምንም ይሁን ምን እንደ በሽታ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሆስፒታሎች ባዘጋጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፣ ሌላ ችግር የሌለበት ሕፃን የብርሃን ሕክምና የሚጀመርለት በሁለተኛው ቀን 15፣ ከሦስተኛው ቀን ወዲያ 18 ላይ ነው። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ተጨማሪ አደጋ ላለበት ሕፃን 13ና 16 ይሆናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው መመሪያ ደግሞ ከዚህም አልፎ በየሰዓቱና በየእርግዝናው ሳምንት ይለያል። እነዚህን ቁጥሮች የጻፍኳቸው ሐኪሙ ሲነግራችሁ እንድትከታተሉት እንጂ ቤት ተቀምጣችሁ እንድትወስኑባቸው አይደለም።

የልጄ ውጤት 19.2 ነበር። የደም ዓይነቱ ኤ ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘ። እናት ኦ ሆና ልጁ ኤ ወይም ቢ ሲሆን፣ የእናት ደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ልጁ አልፈው ቀይ ሕዋሱን ሊያፈርሱበት ይችላሉ፤ ይህ በመጀመሪያ ልጅም ይከሰታል። ኩምብስ የሚባለው ምርመራም ይህንኑ አረጋገጠ። ስለዚህ ለእርሱ የሚሠራው 18 ሳይሆን 16 ነው፤ እርሱን ደግሞ ካለፈ ቆይቷል። ለእንዲህ ዓይነት ሕፃን የደም ቅያሪ የሚታሰበው 20 ላይ ነው። ዶክተሯ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው ‹‹በሰዓት 0.2 እየጨመረ ከሆነ 20 ለመግባት የሚቀረው አራት ሰዓት ብቻ ነው›› አሉኝ። ባለቤቴን ለቅያሪው የሚሆን ደም እንዲያፈላልግ ወዲያው ላኩት። የደም ቅያሪ ማለት የልጁን ደም በጥቂት በጥቂቱ በእትብቱ ሥር እያወጡ የተስማማ ደም መተካት ነው፤ ሕይወት ያድናል፣ ነገር ግን የራሱ አደጋ አለውና ሐኪሞች ሳያስፈልግ አይገቡበትም።

በዚያች ሰዓት ስዊድን ለምትኖረው እህቴ ደወልኩላት። ‹‹19 ብቻ ከሆነ ምን አስጨነቀሽ? የእኔ ልጅ 240 ደርሶ ምንም አልሆነ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላን ነው ወደ ቤት የሰደዱን›› አለችኝ። ለጥቂት ደቂቃ ልቤ ዐረፈ፤ እንዲያውም ሐኪሞቹ አጋነኑት እንዴ ብዬ ለማሰብ ዳድቶኝ ነበር። ኋላ ለነርሷ ስነግራት ስልኳን አውጥታ አስልታ አሳየችኝ። በእኛ አገር ላቦራቶሪዎች፣ እንደ አሜሪካም፣ ውጤቱ በብዛት የሚጻፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ በአውሮፓ በብዙ አገር ደግሞ በማይክሮሞል በሊትር ነው። አንዱ ሚሊግራም በዴሲሊትር 17.1 ማይክሮሞል በሊትር ነው። የእህቴ ልጅ 240 በእኛ አለካክ 14 ያህል ሲሆን፣ የእኔ ልጅ 19.2 በእነርሱ 328 ነው። ዘመድ በየአገሩ በተበተነበት በዚህ ዘመን ቁጥር በስልክ መለዋወጣችን አይቀርም፤ ቁጥሩን ስትሰሙ ከአጠገቡ የተጻፈውን መለኪያና የልጁን ሰዓት አብራችሁ ካልጠየቃችሁ፣ አንዱን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፣ ሌላውን ያለ ምክንያት ያዘናጋል።

ልጄን ከዳይፐሩ በቀር ራቁቱን አድርገው፣ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነው፣ ከሰማያዊው መብራት ሥር አስተኙት። ክፍሉ ውስጥ ሕፃናቱ ሁሉ ሰማያዊ ሆነው ነው የሚታዩት። ራቁቱን መተኛቱ አንጀቴን ስለበላው፣ ነርሷ ዞር ስትል የነጠላዬን ጫፍ በሆዱ ላይ ጣል አደረግኩበት። ተመልሳ አየችና ሳትቆጣ አነሣችው፤ ‹‹የኔ እናት፣ መድኃኒቱ እኮ ብርሃኑ ነው፤ የሸፈንሽው ቦታ መድኃኒት አላገኘም ማለት ነው›› አለችኝ። እውነትም እንደዚያ ነው። ሰማያዊው ብርሃን፣ በተለይ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው፣ በቆዳው ሥር ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ለውጦ፣ ጉበት በውሃ የሚሟሟ እስኪያደርገው ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል። ስለዚህ የሚበራበት ቆዳ በበዛ ቁጥር፣ መብራቱም በተገቢው ርቀት በቀረበ ቁጥር ይሠራል። ለማጥባት ካልሆነ ከመብራቱ ማውጣት አይገባም፤ የሕፃኑ ሙቀት ደግሞ በነርሶቹ በየጊዜው ይለካል።

የዚህ ሕክምና አነሣስ ራሱ እናቴን የሚያስደስት ነው። በ1950ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝ አገር ሮችፎርድ በሚባል ሆስፒታል ጂን ዋርድ የምትባል ነርስ ሕፃናቱን ወደ ግቢው እያወጣች ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር፤ ፀሐይ ያገኘው ቆዳቸው ቢጫነቱን ሲለቅ፣ በጨርቅ የተሸፈነው ግን ቢጫ ሆኖ ሲቀር አስተዋለች። መስኮት ላይ የተረሳ የደም ናሙናም ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ዶክተር ሪቻርድ ክሬመርና ባልደረቦቹ ከዚህ ተነሥተው በመብራት ሞከሩት፣ ውጤቱንም በ1958 አሳተሙ። ስለዚህ የእናቶቻችን ፀሐይ ማሞቅ ፍጹም ባዶ አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ የጠዋት ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ፣ ያውም ልጁ ተሸፋፍኖ ፊቱ ብቻ ወጥቶ፣ የሚሰጠው ብርሃን እንዲህ ላለ መጠን አይበቃም፤ ራቁቱን ለረጅም ሰዓት ቢወጣ ደግሞ ወይ ይበርደዋል፣ ወይ ቆዳው ይቃጠላል። ናይጄሪያ ውስጥ ጎጂውን ጨረር በሚያጣራ ሽፋን ሥር፣ ሐኪም እየተከታተለ፣ ለብዙ ሰዓት በፀሐይ ብርሃን ማከም እንደሚቻል ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፤ ያ ግን በጓሮ ከምናደርገው ጋር አንድ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፀሐይዋን ስንጠብቅ የሚያልፈው ሰዓት ነው። እናቴ ይህንን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ‹‹መብራቱም የፀሐይ ልጅ ነዋ›› ብላ ተቀበለችው።

ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚያግዘው ጡት ነው። ቢሊሩቢን የሚወጣው ከዓይነ ምድር ጋር ስለሆነ፣ ያ የመጀመሪያው ጥቁር ዓይነ ምድር አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ቢሊሩቢኑ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። እንገሩ፣ ማለትም የመጀመሪያው ወፍራም ቢጫ ወተት፣ አንጀትን የሚያጥብ በመሆኑ ቆሻሻ ነው ተብሎ መታለብና መደፋት የለበትም። የስኳር ውሃና ቅቤ ቢሊሩቢኑን አያወጡም፤ ሆዱን ሞልተው ጡቱን ያስተዉታል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጡታል። የእኔ ልጅ ለመጥባት ደክሞ ስለነበር በየሁለት ሰዓቱ እያለብኩ በትንሽ ሲኒ እሰጠው ነበር፤ ነርሷ ከንፈሩ ላይ አስጠግቼ ራሱ እንዲልሰው እንጂ እንዳላፈስበት አሳየችኝ። በሁለተኛው ቀን ዓይነ ምድሩ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ነርሷን ጠርቼ ዳይፐሩን አሳየኋት።

እሑድ ከሰዓት 18.1 ሆነ፤ ዶክተሯ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ደም ቅያሪው ማውራት ያቆሙት። እኩለ ሌሊት ላይ 15.9፣ ሰኞ ጠዋት 13.4፣ ማክሰኞ ጠዋት 10.2 ሲሆን መብራቱ ተነሣ። ለ44 ሰዓት ያህል ከሥሩ ተኝቷል። ቢጫነቱ በደም ዓይነት ምክንያት ሲሆን መብራቱ ከተነሣ በኋላ ተመልሶ ሊጨምር ስለሚችል አንድ ቀን ቆይተን ዳግመኛ ተመረመረ፤ 11 ሆኖ ቆመ። ‹‹ዳነ፣ እንሂድ›› ብላችሁ ይህን ምርመራ አትዝለሉት። ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የደሙን መጠን እንድናስለካ ታዘዝን፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ቀስ እያለ ሕዋሱን ማፍረስ ስለሚቀጥል ሕፃኑ ሳይታወቅ ደም ሊያንሰው ይችላል።

በዚያ ክፍል ውስጥ ያየሁትን አንድ ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ሰኞ ሌሊት ከከተማ ውጭ የመጣ የዘጠኝ ቀን ሕፃን አስገቡ። አንገቱና ጀርባው እንደ ቀስት ወደ ኋላ ተለምጧል፤ ለቅሶው እንደ ሌሎቹ ሕፃናት ሳይሆን ቀጭንና የሚሰነጥቅ ነበር። እናቱ መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ብቻ ያበዛ ነበር ስትል ሰማኋት፤ ልክ እንደ እኔ ልጅ ማለት ነው። ቢሊሩቢን አንጎል ውስጥ ሲገባ አመጣጡ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ሕፃኑ ይፈዛል፣ ሰውነቱ ይላላል፣ ጡት ይተዋል፤ ቀጥሎ ይደርቃል፣ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። ከርኒክተረስ የሚባለው ዘላቂ ጉዳት ከደረሰ ልጁ ሰውነቱን እንደ ልቡ ማዘዝ አይችልም፣ የመስማት ችሎታውንም ሊያጣ ይችላል፤ ያንን ወደ ኋላ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ያ ሕፃን ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። የእናቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስነሣኝም እርሱ ነው።

ስለዚህ ቢጫ ሕፃን ለመጥባት አልነሣ ካለ፣ ዳይፐሩ ከደረቀ፣ ቢጫነቱ ውስጥ እግሩ ከደረሰ ወይም በመጀመሪያው ቀን ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ። ወንድም ወይም እኅቱ በብርሃን የታከመ ሕፃን፣ ከ38 ሳምንት በፊት የተወለደ፣ በምጥ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ደም የቋጠረ፣ እንዲሁም ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በዘር የሚያንሰው ሕፃን ከሌሎቹ ይልቅ መጠበቅ አለበት። ይህ ኢንዛይም ለሚያንሰው ሕፃን ናፍታሊን ተደርጎበት ሣጥን ውስጥ የከረመ ልብስ እንኳ ደሙን ሊያፈርሰው ይችላል፤ የተቀመጠ የሕፃን ልብስ የምታወርሱ ይህን አስቡ። የደም ዓይነታችሁ አርኤች ኔጋቲቭ የሆነ እናቶች ደግሞ የልጅን ደም የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል እንዳይፈጠር ስለሚከላከለው ፀረ ዲ መርፌ በእርግዝናችሁ ጊዜ ጠይቁ፤ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው መወጋት ያለባችሁ።

ሌላው ሰዎች የሚዘነጉት የዘገየ ቢጫነት ነው። ጡት የሚጠባ ጤነኛ ሕፃን ቢጫነቱ ለሳምንታት ሊቆይበት ይችላል፣ ለዚህም ተብሎ ጡት አይቋረጥም። ነገር ግን ወሩን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን ከ14 ቀን በኋላም ቢጫ ከሆነ፣ ቀጥተኛ የሚባለው፣ ማለትም ጉበት በውሃ የሚሟሟ ያደረገው የቢሊሩቢን ዓይነት ተለይቶ መመርመር አለበት። የልጄ ከ19.2ው ውስጥ 0.6 ብቻ ስለነበር ዶክተሯ ጉበቱንና ሐሞቱን አልጠረጠሩም። ዓይነ ምድሩ እንደ አመድ ከነጣ፣ ሽንቱም ዳይፐሩን የሚያቀልም ጠቆር ያለ ከሆነ፣ የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና 60 ቀን ሳይሞላ ሲሆን ነው የተሻለ ውጤት የሚሰጠው። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እስኪደርስ ሕፃን ከቤት እንዳይወጣ የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የሴት ልጅ 80 ቀን እስኪሞላ ቢጠበቅ ያ ጊዜ ያልፋል። ሕክምና መሄድ ሥርዓቱን አያፈርስም፤ የንስሐ አባታችንም ስጠይቃቸው ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ልጄ በሦስት ወሩ የመስማት ምርመራ ተደርጎለት ደህና ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ መጋረጃውን እየሳበ ከኋላው ይደበቃል።

አሁን ሁለተኛ ልጄን ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። የፊተኛው ልጄ በብርሃን መታከሙንና የደም ዓይነቴን በክትትል ካርዴ ላይ ከላይ በቀይ አስጽፌአለሁ። ስወልድ የልጁ የደም ዓይነት እንዲታይ፣ ከመውጣታችን በፊትም ቢሊሩቢኑ እንዲለካ ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረናል፤ የሦስተኛው ቀን ቀጠሮም ከወዲሁ ተይዟል። እናቴ ወፍራሙን መጋረጃ አውርዳ በነጭ ሻሽ ቀይራዋለች፤ አልጋውንም ወደ መስኮቱ አስጠግተነዋል። ባለቤቴ ደግሞ በኪሱ የሚይዛት ትንሽ ማስታወሻ ላይ ከወዲሁ ሁለት መስመር አስምሮ አሳየኝ፤ አንዱ የተወለደበት ሰዓት በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ የሚጻፍበት ነው።